ኮምጣጣ እንጀራ አጥንት ይበላልን?

ባለፈው ሰሞን በምግብ አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠን ሳለ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ ሳህኑን ገፋ አደረገና «ይህ እንጀራ እንዲህ የኮመጠጠው አሲድ ስላለበት ነው፤ አሲድ ደግሞ አጥንት ይበላል፤ የሴት አያቴ ወገብ የጎበጠው በዚሁ ነው» አለ። ሁለተኛው ቀበል አድርጎ አጥንት የሚበላው እንጀራ ሳይሆን ሥጋ መሆኑን፥ ስለዚህም ዓመቱን ሙሉ ቢጾሙ እንደሚሻል አስረዳን። ሦስተኛው ከከተማ የገዛውን «አልካላይን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን የጠርሙስ ውሃ ከቦርሳው አውጥቶ አሳየን፤ ዋጋውን ሲነግረን ግን ክርክሩ ለጥቂት ጊዜ ተቋረጠ።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን በዚያ ምሽት የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። በማግስቱ ግን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ የሳይንስ ጓደኞቻችንንም አስቸገርን። ያገኘነውን ለአንባቢ ለማካፈል የወደድንበት ምክንያት ጉዳዩ የአያቶች ብቻ ሆኖ ስላላገኘነው ነው። የሰው አጥንት ዕድሜው ወደ 30 እስኪጠጋ ድረስ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአብዛኛው የተጠራቀመውን የመጠበቅ፥ ቀጥሎም ቀስ በቀስ የማጣት ዘመን ነው። ይህን መጽሔት የሚያነብ ሰው እንግዲህ ገና በማጠራቀሙ ወራት ላይ ነው ማለት ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከጥንቸል መጀመር ይሻላል። ክሎድ ቤርናር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1865 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ አንድ ቀን ከገበያ የተገዙ ጥንቸሎች ወደ ላቦራቶሪው መጡለት። በጠረጴዛው ላይ ሲሸኑ ቢያይ ሽንታቸው የጠራ ነው፤ ቢፈትነውም አሲድ ሆኖ አገኘው። ይህ አስደነቀው፤ ምክንያቱም ሣር የሚበላ እንስሳ ሽንቱ ደፍራሳና አልካሊ ነው፤ የጠራና አሲድ የሆነ ሽንት የሥጋ በል እንስሳ ነው። ቤርናር እንዲህ ሲል ገመተ፤ እነዚህ ጥንቸሎች ከተያዙ ጀምሮ ምንም አልበሉም፤ ስለዚህ የገዛ ሥጋቸውን እየበሉ ነው፤ ማለት ሥጋ በል ሆነዋል። ሣር ሲያበላቸው ሽንታቸው ደፈረሰ፥ አልካሊም ሆነ። ሲያስርባቸው እንደ ገና ጠራ። በመጨረሻም የተቀቀለ የበሬ ሥጋ አበላቸው፤ ሽንታቸው የጠራና አሲድ ሆኖ ቀረ። ከዚህ የምንወስደው ነገር አንድ ነው፤ የምንበላው ምግብ ካለቀ በኋላም ትቶት የሚሄደው ነገር አለ፤ ያም ነገር በሽንት ይታያል።

ያ የሚቀረው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አመድን ማሰብ ይጠቅማል። በገጠር ድስት በአመድ ሲፈተግ ያየ ሰው አመድ ስቡን እንዴት እንደሚያስለቅቅ ያውቃል። ይህን የሚያደርገው በአመዱ ውስጥ ያለው አልካሊ ነው። «አልካሊ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ የተቃጠለ ዕፅ አመድ ነው። ፖታሲየምም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ በእንግሊዝኛና በሆላንድኛ «የድስት አመድ» ከሚለው ቃል ነው። አመድን በድስት ዘፍዝፈው፥ አጥልለውና አፍልተው ከሚያወጡት ነጭ ጨው የሚሠራውን ብርቱ አልካሊ እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 በኤሌክትሪክ ኃይል ከፋፍሎ ፖታሲየምን ለየው። የቋንቋ ተማሪ ኬሚስትሪን ሲያነብ እንዲህ ያለ ደስታ አልፎ አልፎ ይገጥመዋል።

ምግብም በሰውነታችን ውስጥ ያለ እሳት ይቃጠላል። ስኳርና ስብ በደንብ ሲቃጠሉ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ ይለወጣሉ፤ የመጀመሪያውን እንተነፍሰዋለን፤ ውሃውም መውጫ አያጣም፤ አመድ የሚባል አይተዉም። ፕሮቲን ግን በውስጡ ድኝ አለበት፤ ያ ድኝ ሲቃጠል ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል፤ እሱን መተንፈስ አይቻልም። በሥጋ፥ በዓሣ፥ በእንቁላልና በጠጣር አይብ ይህ ይበዛል፤ እህልም ከፕሮቲኑና ከፎስፎረሱ የተነሣ ወደዚሁ ወገን ያደላል። በሌላው ወገን ቅጠላ ቅጠል፥ ሥራ ሥርና ፍራፍሬ አሉ። በእነዚህ ውስጥ ፖታሲየም ከሲትሪክ አሲድና ከመሰሎቹ ጋር ተጣምሮ ይገኛል። አሲዱ በሰውነት ውስጥ ተቃጥሎ በትንፋሽ ሲወጣ ፖታሲየሙ ከባይካርቦኔት ጋር ይቀራል፤ ባይካርቦኔት ማለት ዳቦ ጋጋሪዎች የሚያውቁት የሶዳው ዓይነት አልካሊ ነው።

የመጀመሪያው ጓደኛችን የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በምላስ የሚኮመጥጠውና በሰውነት ውስጥ አሲድ ሆኖ የሚቀረው አንድ አይደሉም። የሊጥ እርሾ የሠራው የእንጀራ ኮምጣጣነት ልክ እንደ ሎሚ ኮምጣጣነት ተቃጥሎ የሚጠፋ ነው። ሎሚ ፊትን የሚያጨማድድ ሆኖ ሳለ የሚተወው አልካሊ ነው፤ የማይኮመጥጠው የበሬ ሥጋ ግን የሚተወው አሲድ ነው። እንጀራም አሲድ የሚተው ከሆነ እህል ስለ ሆነ እንጂ ስለ ኮመጠጠ አይደለም። የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ኮምጣጣ ነገር ቢያቃጥለው ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከአጥንት ጋር አይገናኝም።

በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ከተማ ሬመርና ማንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1995 ለያንዳንዱ ምግብ መቶ ግራም ምን ያህል አሲድ ወይም አልካሊ ለኩላሊት እንደሚያሸክም አስልተው አሳተሙ። መለኪያው ሚሊ ኢኩዊቫለንት ይባላል። አሲድ የሚያሸክሙት፤ ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ 7.8፥ እንቁላል 8.2፥ ያልተቀቀለ ፓስታ 6.5፥ ፓርሜዛን የሚባለው የጣሊያን አይብ 34.2፥ ምስር 3.5። ወተት 0.7 ብቻ ስለ ሆነ በመካከል ነው ማለት ይቻላል። አልካሊ የሚሰጡት፤ ቲማቲም 3.1፥ ድንች 4.0፥ ካሮት 4.9፥ ሙዝ 5.5፥ ስፒናች የሚባለው ቅጠል 14.0፥ ዘቢብ 21.0። ይህን ስናነብ ሁለተኛውን ጓደኛችንን አሰብነው። ጾም ስለ ሆነ ብቻ ገበታው አልካሊ አይሆንም። ጠዋት ዳቦ በሻይ፥ ቀን ፓስታ፥ ማታ እንጀራ በምስር የበላ ጿሚ ሥጋ ሳይቀምስ ቀኑን በሙሉ በአሲድ ወገን ሊውል ይችላል። ገበታውን ወደ ሌላው ወገን የሚመልሱት ጎመኑ፥ ድንቹና ፍራፍሬው ናቸው።

ታዲያ ያ አሲድ የት ይገባል? የደማችን ሚዛን ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፤ ሰውነትም ከዚህ እንዳይወጣ አጥብቆ ይጠብቃል። ጤነኛ ሰው የፈለገውን ቢበላ ደሙ ኮምጣጤ አይሆንም። ሳንባ ጋዙን ያስወጣል፤ ኩላሊት ደግሞ ሥጋና እህል ከሚያዘወትር ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ኢኩዊቫለንት የሚሆን አሲድ ጠርጎ ያወጣል። የክርክሩ ሥር ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። ኩላሊት እስኪያወጣው ድረስ፥ ወይም ማውጣት ሲያቅተው፥ አሲዱን የሚያለዝበው አልካሊ ከየት ይመጣል? አንድ ትልቅ ጎተራ አለ፤ እሱም አጥንት ነው። በአዋቂ ሰው አንድ ኪሎ ያህል ካልሲየም ሲኖር 99 እጅ የሚሆነው በአጥንት ውስጥ ነው፤ ከካልሲየሙም ጋር ፎስፌትና ካርቦኔት አሉ።

በ1966 ሌማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ለጤነኛ ሰዎች አሞኒየም ክሎራይድ የሚባለውን አሲድ የሚሆን ጨው ሲሰጧቸው በሽንታቸው የሚወጣው ካልሲየም ጨመረ። በ1968 ደግሞ ዋክማንና በርንስታይን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ገፉት። ሥጋ በል ሰው በየቀኑ ጥቂት አጥንት እያሟሟ አሲዱን ያለዝባል፤ ጥቂቱም በብዙ ዓመት ተጠራቅሞ አጥንትን ያሳሳል አሉ። ዛሬ በየመንገዱ የሚሰማው «አሲድ አጥንት ይበላል» የሚለው ወሬ የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ በሽታ አለ። አንዳንድ ሰዎች፥ ሕፃናትም ጭምር፥ የኩላሊታቸው ቧንቧዎች አሲድን የማስወጣት ኃይል ይጎድላቸዋል። እነዚህ ሕፃናት አያድጉም፤ አጥንታቸው ይለሰልሳል፤ በሽንታቸውም ፖታሲየም እየፈሰሰ ስለሚያልቅ ጡንቻቸው ይዝላል፤ አንዳንዴም እግራቸው አልታዘዝ ይላል። መድኃኒቱ ባይካርቦኔት ወይም ሲትሬት ነው፤ ያን አዘውትረው ሲወስዱ ቁመታቸው ይጨምራል፥ አጥንታቸውም ይጠነክራል። እንግዲህ አሲድ በእውነት ሲከማች አጥንትንም ጡንቻንም እንደሚጎዳ በዚህ የታወቀ ነው። ያልታወቀው ኩላሊቱ ደኅና የሆነ ሰው ከዕለት ምግቡ የሚያገኘው ጥቂት አሲድ እንዲሁ ያደርግ እንደ ሆነ ነው።

ይህን ለማወቅ ብዙ ተደክሟል። በ1994 በሳን ፍራንሲስኮ የወር አበባቸው ለተቋረጠ 18 ሴቶች ለ18 ቀን ፖታሲየም ባይካርቦኔት ሲሰጣቸው ከሰውነታቸው የሚባክነው ካልሲየም ቀነሰ። በ2006 በስዊዘርላንድ 161 ሴቶች ለሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት አንደኛው ክፍል ፖታሲየም ሲትሬት፥ ሌላው ፖታሲየም ክሎራይድ ወሰደ። ይህ ፈተና ብልህነት አለበት፤ ፖታሲየሙ በሁለቱም ዘንድ እኩል ነው፤ ሲትሬት ግን ተቃጥሎ አልካሊ ይሰጣል፥ ክሎራይድ አይሰጥም። የሲትሬቶቹ የወገብ አጥንት ጠነከረ፤ የክሎራይዶቹ ሳሳ። ይህን አንብበን «እንግዲያው ነገሩ አለቀ» ብለን ነበር። በ2008 ግን በስኮትላንድ፥ በአበርዲን ከተማ፥ 276 ሴቶች ሁለት ዓመት ሙሉ የተካፈሉበት ፈተና ውጤቱ ወጣ፤ ሲትሬትም፥ በቀን 300 ግራም ተጨማሪ አትክልትና ፍራፍሬም ለአጥንታቸው የሚታይ ለውጥ አላመጣም። በ2013 ደግሞ ከስዊዘርላንድ 201 ሽማግሎችና አሮጊቶች የተካፈሉበት ሌላ ፈተና ሲትሬቱን እንደ ገና ደገፈ። በእኛ አስተያየት እንዲህ ያለውን ነገር የተረጋገጠ ነው ብሎ መስበክም፥ ሐሰት ነው ብሎ መጣልም ችኮላ ነው።

በሥጋ ላይ የቀረበው ክስ ግን ብዙ ላልቷል። ሥጋ የበላ ሰው በሽንቱ ካልሲየም ስለሚጨምር ሁሉም ከአጥንት የመጣ ይመስል ነበር። በኋላ ካልሲየሙን በምልክት እየተከታተሉ ሲመረምሩት ብዙው ከአንጀት የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ፕሮቲን ሲበዛ አንጀት ከምግብ ውስጥ ካልሲየምን አብልጦ ይስባል። አጥንትም ራሱ በፕሮቲን መረብ ላይ የተሠራ ነው። ስለዚህ አጥንቱን ለማዳን ሲል ሥጋና ወተት የሚተው ተማሪ ከሚያተርፈው የሚያጣው ይበልጣል። በእምነቱ ስለሚጾመው አንናገርም፤ ያ ሌላ ምክንያት አለው።

ወደ ጡንቻ እንምጣ። በሰውነታችን ካለው ፖታሲየም 98 እጅ ያህሉ በሴሎች ውስጥ ነው፤ አብዛኛውም በጡንቻ ውስጥ። ጡንቻ የሚኮማተርበት የኤሌክትሪክ ልዩነት በሴሉ ውስጥ ፖታሲየም፥ ከሴሉ ውጭ ሶዲየም በመብዛቱ የቆመ ነው። ብርቱ ተቅማጥ የያዘው ሰው እግሩ የሚከዳው ከውሃው በተጨማሪ ፖታሲየሙም ስለ ፈሰሰ ነው፤ ባይካርቦኔቱም አብሮ ይሄዳል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የምንለውን ፓኬት ጀርባውን ያነበበ ሰው ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት ተጽፎ ያገኛል፤ አንደኛው የጠፋውን ፖታሲየም፥ ሌላው የጠፋውን አልካሊ ለመተካት የገባ ነው። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህች ፓኬት የበለጠ የሚያስረዳ አላገኘንም።

አሲድም በጡንቻ ላይ የራሱ መንገድ አለው። ኩላሊት አሲድን ከሚያስወጣባቸው ዘዴዎች አንዱ አሞኒያ መሥራት ነው፤ ለአሞኒያው ጥሬ ዕቃ የሚሆነው ግሉታሚን ደግሞ ከጡንቻ ፕሮቲን ይወሰዳል። አሲድ ለረጅም ጊዜ ሲከማች እንግዲህ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን ይፈታል፤ የቤርናር ጥንቸሎች እዚህ ላይ ትዝ ይሉናል። በ2009 በለንደን ኩላሊታቸው ለደከመ 134 ሕመምተኞች በተደረገ ፈተና ባይካርቦኔት የወሰዱት የኩላሊታቸው ድካም ዘገየ፥ የክንዳቸውም ጡንቻ ካልወሰዱት ተሻለ። በ2008 ደግሞ በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 384 ሰዎች ሲመረመሩ በሽንታቸው ብዙ ፖታሲየም የተገኘባቸው፥ ማለት አትክልትና ፍራፍሬ የሚያበዙት፥ የተሻለ ጡንቻ ነበራቸው። ይህ ሁለተኛው ግን ምርመራ እንጂ ፈተና አይደለም፤ አትክልት የሚያበዛ ሽማግሌ በእግሩም የሚያበዛ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጠርሙሱ ውሃ ብዙ ቃል አናባክንም። ፒ ኤቹ 9 ነው ማለት በውስጡ ብዙ አልካሊ አለ ማለት አይደለም፤ ንጹሕ ውሃ በቅንጣት ታህል ነገር ወደ 9 ይወጣል። የአምቦ ውሃ በተቃራኒው በጋዙ ምክንያት ሲቀመስ ቆምጠጥ ይላል፤ ነገር ግን ባይካርቦኔት የሞላበት ማዕድን ውሃ ነው፤ ጋዙ በትንፋሽ ሲወጣ ባይካርቦኔቱ ይቀራል። ጓደኛችን ለጠርሙሱ የከፈለው ገንዘብ ሙዝ ቢገዛበት ለሳምንት ይበቃው ነበር።

ሙዝ ካነሣን፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2012 ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ከምግብ እንዲያገኝ መክሯል፤ ዋናው ምክንያቱ የደም ግፊት ነው። አንድ ደኅና ሙዝ 400 ያህል አለው። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 370 ያህል፥ መቶ ግራም የተቀቀለ ድንች ከ300 በላይ አላቸው። ምስር በአሲድ ሚዛን ጥቂት ቢያጋድልም በፖታሲየም ግን ባለጸጋ ነው፤ አንድን ምግብ በአንድ ቁጥር ብቻ መኰነን እንደማይገባ ያሳያል። መቶ ግራም የተቀቀለ ፓስታ ግን 50 እንኳ አይሞላም። የእኛን አዳራሽ የሳምንት ገበታ በዚህ ዓይን ስናየው ጥፋቱ ያለው በሚቀርበው ሳይሆን በማይቀርበው ላይ ነው። ሥጋው እንደሆነ ሳምንት ጠብቆ በትንሹ የሚመጣ ስለ ሆነ አጥንት ሊበላ ቀርቶ ራሱም አይጠግብም። የሚጎድለው ጎመን፥ ድንችና ፍራፍሬ ነው። የማኅበሩ የምግብ ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው በሳምንት ከሦስቱ የፓስታ ቀኖች አንዱ በድንች ወጥ እንዲተካና ሙዝ ሁለት ጊዜ እንዲታደል ቢጠይቅ ገንዘቡ የማይደርስበት ጥያቄ አይመስለንም።

አጥንት ከሁሉ በፊት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከምና ሲሮጥ፥ ካልሲየምና የፀሐይ ብርሃንም ሲያገኝ ነው፤ የአሲዱ ነገር ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ኩላሊቱን የሚያመው፥ ወይም ፖታሲየምን በሰውነት የሚያቆይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ተመርቶ ሙዝና ድንች እንዳያበዛ አጥብቀን እንለምናለን። በእንዲህ ያለ ሰው ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ ልብን ሊያቆም ይችላልና አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ፖታሲየም በክኒን መልክ ደግሞ ማንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይዋጥ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ፖታሲየም በውሃ ይሟሟል፤ ጎመን ተቀቅሎ ተጨምቆ ውሃው ሲደፋ ከፖታሲየሙ ብዙው አብሮ ይደፋል። ይህን የወጥ ቤቱን ኀላፊ እናት ሄደን ብናስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙንና «ልጆቼ፥ ውሃው ካልተደፋ ይመራል፤ ከመረረ ደግሞ እናንተው ናችሁ ሳህኑን የምትመልሱት» አሉን። እውነታቸውን ነው። በጥቂት ውሃ፥ ክዳኑ ተደፍቶ፥ ለአጭር ጊዜ ብቻ የበሰለ አንድ ድስት ጎመን እንዲሞክሩልን ለመንናቸው፤ እሺ ብለዋል። ቀኑ የፊታችን ረቡዕ ነው፤ ምሳ ላይ።